ክፍት ቦታ፦ ጊንጪ

ማስመሪያ እወዳለሁ። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ ጉድ የሠራኝ እሱ ስለሆነ ነው። የተማሪ ደብተር ሳርም፣ የወር ዕቅድ ሳወጣ፣ የገበያ አስቤዛ ስጽፍ እንኳ መጀመሪያ መስመር አሰምራለሁ። እናቴ ለጎረቤት "የኔይቱ ልጅ ሳታሰምር እህል አይወርድላትም" እያለች ታወራብኝ ነበር። አምቦ ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቼ ከኋላዬ "ቲቸር ማስመሪያ" ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። አልከፋኝም። ከዚያ የባሰ ስም የወጣላቸው አስተማሪዎች ነበሩ።

ጊዜው የደርግ ነው። ደብዳቤ ሁሉ በ"ኢትዮጵያ ትቅደም" ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ጓድ ነው፤ እኔም ጓድ መምህርት ነኝ። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ፣ የአበባን ክፍሎች ስዬ አጠፋለሁ፣ አጥፍቼ እስላለሁ። እውነቱን ለመናገር በአራተኛው ዓመት ሰልችቶኛል። በአምስተኛው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የዕፅዋት በሽታ ምርምር ጣቢያ ሄድኩና አንድ ባለሙያ ዋግ የመታውን የስንዴ ቅጠል በማይክሮስኮፕ አሳየን። ገበሬው እርሻው ዳር ቆሞ "መታብኝ" የሚለው ያ ቀይ ዱቄት፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ሕይወት ያለው፣ በነፋስ አገር አቋርጦ የሚሄድ ነገር መሆኑን ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ሳስተምረውም ኖሬአለሁ። በዓይኔ ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ። ተማሪዎቹ ተራ እየጠበቁ ሲገፋፉ እኔ ከማይክሮስኮፑ ላይ አልነሳ አልኩ። ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ፣ ስለ ዋግ እማራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የመግቢያ ፈተናው ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ተሰጠ። የትምህርቱ ጥያቄ አላስቸገረኝም። የእንግሊዝኛው ድርሰት በአካባቢያችሁ ስላለ አንድ የግብርና ችግር ጻፉ ሲል ደግሞ ደስ አለኝ። ነገሩን በሠንጠረዥ ባሳየው ይበልጥ ይጠራል ብዬ ማስመሪያዬን አወጣሁ። በሽታው፣ ሰብሉ፣ ምልክቱ፣ መከላከያው፤ አራት ዓምድ። ፈታኙ ጊዜው አልቋል ብሎ እስክርቢቶ ሲያስቀምጠን ሦስተኛውን ዓምድ እየሞላሁ ነበር። ድርሰት የሚባል ነገር ከሁለት አንቀጽ በላይ አልነበረኝም።

ውጤቱ በሐምሌ መጨረሻ ተለጠፈ። ሁለት ዝርዝር ነበር፤ ያለፉና ያላለፉ። ስሜ በሁለቱም ላይ የለም። ከላይ ወደ ታች ሦስት ጊዜ ወረድኩበት። በመጨረሻ በመስኮት ያለችውን ጸሐፊ ብጠይቃት መዝገብ ገልጣ ከማለፊያው ሁለት ነጥብ እንደጎደለኝ፣ ድንበር ላይ ከቀሩት መሆኔን ነገረችኝ። ድንበር ላይ የቀሩት አለፉም ወደቁም አይባልም፤ ቦታ የተረፈው ክፍል ካገኙ ይገባሉ፣ ካላገኙ የለም። ያቺ ሠንጠረዥ ትዝ አለችኝና እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ ራሴን ሰደብኩ።

በዚያ ቀን ያላንኳኳሁት በር የለም። ስለ ዋግ የሚያስተምረው የዕፅዋት ክፍል ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ግን ባዶ እጄን አልሸኘኝም፤ ኮሪደሩን ተሻግሬ የሰብል ተባይ የሚያጠናውን ክፍል እንድጠይቅ ነገረኝ። የዚያ ክፍል ኃላፊ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያንኑ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቦታ አለው። ቦታው የተሰጠው ሰው ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮበታል። ስለ ተምች መማር እፈልግ እንደሆን ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ተምች አስቤ አላውቅም። በጣም እፈልጋለሁ አልኩት። ለዚያ ወንበር ሲባል ስለ ቁንጫም እማር ነበር።

ሽማግሌው ስሜን በእርሳስ ጻፈ። ከመሥሪያ ቤቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ እስከ መስከረም አምስት ከመጣሁ በእስክርቢቶ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ነው። ያለ መልቀቂያ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብም። ጥዬ ብሄድ ደግሞ ሥራ ጥሎ የኮበለለ ተብዬ መዝገቤ ይበላሻል፤ ቀጣሪው ሁሉ መንግሥት በሆነበት ጊዜ መዝገብ ተበላሸ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ስለዚህ የሁለተኛ ዲግሪዬ ነገር በአንድ ማኅተም ላይ ተንጠለጠለ። ማኅተሙ ያለው አምቦ፣ በአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በአስተዳደር ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ኃላፊውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አስተማሪ ሲያነጋግሩ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያፈራረቁ፣ ሴቱን ሁሉ "ኢንተላ ኮ"፣ ልጄ፣ እያሉ ነው። ወረቀቴን አንብበው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኢንተላ ኮ፣ በዚህ አውራጃ ያላችሁት የባዮሎጂ አስተማሪዎች በጣት ትቆጠራላችሁ። አንቺን ለቅቄ ልጆቹን ምን ልበላቸው? ተተኪሽን ይዘሽ ነይ፤ ያንኑ ቀን እፈርምልሻለሁ።"

ተተኪ ማምጣት የአስተማሪው ሥራ ነበር። ለዝውውርም፣ ለትምህርትም፣ ለሌላውም ያው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰው አይፈልግልህም፤ አንተው ፈልገህ፣ አግባብተህ፣ አስፈርመህ ታቀርባለህ። በክረምት በየአውቶቡሱ የምታገኘው አስተማሪ ሁሉ አንድም ተተኪ ፍለጋ ይሄዳል፣ አንድም ተተኪ አጥቶ ይመለሳል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአምቦ ንቅንቅ ብዬ ስለማላውቅ በእነሱ እስቅ ነበር።

ጌዶ የምታስተምር አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ወደ አምቦ መምጣት እንደምትፈልግ ሰማሁ። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሰማይና ምድር ባጣበቀበት ሰሞን፣ በጉደር በኩል ወደ ጌዶ ወጣሁ። ጌዶ በጉም ተሸፍና ቤቷን ያገኘሁት በሕፃን ልቅሶ ነው። ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት የምታንስ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ባሏ አምቦ ሆስፒታል ድሬሰር ነው። ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው፤ አብረው የኖሩት ግን ተደምሮ ከአንድ ክረምት አይበልጥም። ልጁ አባቱን ሲያይ ያለቅሳል፣ እንግዳ ይመስለዋል አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ አላዘነችም፤ ተናድዳለች። ወደድኳት።

የመጣሁበትን ስነግራት ቢቻል ትናንት እሄድ ነበር አለችኝ። ግን የእሷም ዳይሬክተር ያው ነው፤ ተተኪ ካላመጣች አይለቃትም። ይህን እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ እንጃ። አንድ ሰው ፍለጋ ወጥቼ ሁለት ሰው ፍለጋ ልመለስ ነው። ስትሸኘኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ጊንጪ ባዮሎጂ የሚያስተምር የጌዶ አካባቢ ልጅ አለ፤ አባቱ ዓይናቸው ጠፍቶ እሱ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልጋል።

በማግስቱ አምቦን በአውቶቡስ መስኮት እያየሁ አልፌ ጊንጪ ወረድኩ። ሰውየውን ያገኘሁት ገበያ መሐል ነው፤ ከጭልሞ ደን የወረደ የማገዶ እንጨት ሲያስጭን። ስለ ጌዶ ስነግረው እንጨቱን ተወው። አባቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያያቸው ድምፁን እየረሱት መምጣታቸውን ነገረኝ። ከዚያ እንደ ጉድ ሲቁነጠነጥ ቆየና እየፈራ ጠየቀኝ፤ እኔ ጌዶ ስሄድ፣ ጊንጪስ ማን ይመጣል?

ጊንጪ መንገድ ዳር ቆሜ፣ አምቦ ላይ ልከፍተው የነበረውን ቀዳዳ ጌዶ ወስጄ፣ ከጌዶ ደግሞ ጊንጪ አምጥቼ መጣሌ ገባኝ። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማወቅ ነበረበት። አንድ ሰው ከሰልፍ ከወጣ አንድ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ የቀሩትን የፈለግከውን ያህል ብታሸጋሽግ ባዶው ቦታ ይዞራል እንጂ አይሞላም።

ቢሆንም አላረፍኩም። በዚያ ነሐሴ ጀልዱ ድረስ በጭነት መኪና ወጥቻለሁ፤ እዚያ ያለው አስተማሪ ገና ሳልቀመጥ አንቺ የኔን ቦታ ብትወስጂልኝስ ብሎ ይለምነኝ ጀመር። ጉደር ያለው ተጋብቶ ቤት ሠርቷል፤ አይነቃነቅም። ጫማዬ አይደርቅም። እናቴ ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውኃ እያሸች ምነው ዋግ ቢቀርብሽ ትለኛለች። ዋግ ቀርቶ ተምች መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። ቀኑ እየነጎደ፣ አውራጃው በሙሉ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው የሚጠብቅበት አንድ ትልቅ የተዘጋ ግቢ እየመሰለኝ መጣ።

በመጨረሻ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከኮሌጅ የሚመረቁ አዳዲስ አስተማሪዎች ይመደባሉ። ከእነሱ አንዱ ጊንጪ ቢመደብ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ማስመሪያዬን አወጣሁ። ንጹሕ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ስም፣ አሁን ያለበት፣ የሚሄድበት፣ ምክንያት። በመጀመሪያው ረድፍ እኔን፣ ከአምቦ ወደ ዩኒቨርሲቲ። በሁለተኛው የጌዶዋን መምህርት፣ ወደ አምቦ። በሦስተኛው የጊንጪውን አስተማሪ፣ ወደ ጌዶ። ሁለቱንም ቦታቸው ድረስ ሄጄ አስፈረምኳቸው። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሠንጠረዥ ግን ጎድሎ ሲቀር ያመኛል፤ አራተኛ ረድፍ ጨመርኩና "ክፍት ቦታ፦ ጊንጪ፣ ከአዲስ ምሩቃን የሚሟላ" ብዬ ጻፍኩ። የስሙን ሣጥን ባዶ ተውኩት።

ጋሼ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እንዲህ የጠራ ነገር ከእኛ ከራሳችን ጽሕፈት ቤትም ወጥቶ አያውቅም አሉኝ። የጎን ጠረጴዛ ያለችውን ጸሐፊ ጠርተው አሳዩዋት። እኔም ኮራሁ፤ ልዋሽ አልችልም። ጳጉሜን ላይ የዝውውር ኮሚቴው ሲሰበሰብ ራሳቸው እንደሚያቀርቡት ቃል ገቡልኝ።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጠሩኝ። ቢሮው ውስጥ ሦስት የታሸጉ ፖስታዎች ነበሩ፤ አንዱን ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። መልቀቂያ አይደለም። ከመስከረም ወር ጀምሮ ወደ ጊንጪ የተዛወርኩ መሆኔን የሚገልጽ፣ በአብዮታዊ ሰላምታ የሚያልቅ ደብዳቤ ነው። ስህተት መስሎኝ ሠንጠረዤን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። አወጡት። የመጀመሪያው ረድፍ ተሰርዟል። በአራተኛው ረድፍ፣ በዚያ ባዶ በተውኩት ሣጥን ውስጥ፣ በአረንጓዴ ቀለም የኔ ስም ተጽፏል። ጽሕፈቱ መስመሬን ሳይነካ ልክክ ብሏል።

ጋሼ በዚያ ዓመት አዲስ ምሩቅ ለእኛ አውራጃ እንዳልተመደበ ነገሩኝ። ኮሚቴው ሠንጠረዡን አይቶ በጣም አመስግኗል። ሦስቱ ሰዎች ለመነሣት ፈቃደኛ ናቸው፤ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ አንደኛዋ፣ እኔ ማለት ነው፣ አምቦን ለመልቀቅ በጽሑፍ ጠይቃለች።

"እኔ ስለ ትምህርትሽ ተናግሬአለሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። "ግን ኮሚቴ ክፍት ቦታ ተጽፎ ካየ ሳይሞላው አይነሣም። ባትጽፊው ኖሮ ማንም ጊንጪን አያስታውሰውም ነበር።"

ይግባኝ ማለት እችላለሁ ወይ አልኳቸው። ትችያለሽ አሉኝ፤ እስከ መስከረም አራት። ነገር ግን ሦስቱም ዝውውር በአንድ ውሳኔ ስለወጣ የኔ ሲነሣ የሁለቱም ይነሣል። ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። ካልተቃወምኩ ደግሞ አዲስ የተዛወረ አስተማሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መልቀቂያ መጠየቅ አይችልም። ሁለቱንም ነገር የነገሩኝ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ ነው።

የእንቁጣጣሽን ዕለት ይግባኝ ስጽፍ ዋልኩ። ጥሩ ይግባኝ ነበር። ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ሠንጠረዥ የሌለበት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቦርሳዬን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

መስከረም ሦስት ከሰዓት በኋላ የጌዶዋ መምህርት ከነባሏና ከነልጇ ቤቴ መጣች። አልጋና ፍራሹን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና ትናንትና ገብታለች። አንድ ጣሳ ማር ይዛልኛለች። ከጽሕፈት ቤቱ የደረሳት የራሷ ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ እኔ ዩኒቨርሲቲ የምሄድ ነው የሚመስላት፤ ሳትሄጂ ልሰናበትሽ ብዬ ነው አለችኝ። እናቴ ማሩን በሰሐን አቀረበች፤ በዳቦ እያጠቀስን በላን። ልጁ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የአባቱን ሰዓት እየጎተተ ነበር። አላለቀሰም።

ሊወጡ ሲሉ ልጸልይልሽ አለችኝ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስለነበር ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጸለይ ለምደዋል። እኔና እናቴ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ግን ጸሎት እምቢ አይባልም፣ ቆምን። በኦሮምኛ ነው የጸለየችው፤ የአምቦ ልጅ ነኝ፣ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ስለዚች እህቴ አመሰግንሃለሁ፣ እሷ እንደደከመችልኝ አንተ መንገዷን ክፈትላት፣ በፊቷ ያለውን በር ማንም አይዝጋው እያለች ለመነችልኝ። እሷም ባሏም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ አልጨፈንኩም። ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳዬን እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ይግባኙን ይዤ ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ወጥተው አዩኝና ሁለቱንም ጊዜ ተመልሰው ገቡ። የምሳ ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ሄድኩ። ደግ ሆኜ አይደለም። ደግ ሰው እንዲህ አያንገበግበውም፤ እኔ ያን ቀን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ልነክስ ምንም አልቀረኝም። አፍሬ ነው። ማሩን በልቼዋለሁ።

ከዚያ ስልክ ቤት ገብቼ አዲስ አበባ እስኪያገናኙኝ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ኃላፊ መስመሩ እየተቆራረጠ አነጋገረኝ። አልመጣም ስለው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። የከርሞ ሰው ይበለን፣ ሌላ ጊዜ ሞክሪ አለኝ። ስሜን በእርሳስ የጻፈው ለዚህ ነበር።

ጊንጪ ከአምቦ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይቀርባል። እናቴን ለማጽናናት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጠግቻለሁ እላት ነበር፤ እሷ ትስቃለች፣ እኔ አልስቅም። የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ሁሉ በጊንጪ ነው የሚያልፉት። ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት መስከረም መጨረሻ አንዱ ቁርስ ለማብላት ቆሞ፣ አምቦ ያስተማርኳቸው አራት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ተሳፍረው ኖሮ፣ "ቲቸር! ቲቸር!" እያሉ በመስኮት ጠሩኝ። አንዷ ልጅ ትሄጃለሽ ተብሎ አልነበረም ወይ አለችኝ። መኪናው ተነሣና መልስ ከመስጠት አዳነኝ። ክፍል ገብቼ የአበባን ክፍሎች ሳልኩ።

ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ብርዱን ለመድኩት። ተማሪዎቼን ይዤ ከደኑ ጥግ ካሉት ማሳዎች የዋግ ቅጠል እሰበስብ ነበር፤ ማይክሮስኮፕ ስላልነበረን በደብተሬ ገጾች መካከል እያደረቅሁ አስቀመጥኳቸው። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ፣ ነሐሴ ላይ፣ መልቀቂያ የመጠየቅ መብቴ ተመለሰ። የከርሞውን የመግቢያ ፈተና ቅጽ አስመጥቼ ሞልቼ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት። አልላክሁትም። ነገ እልከዋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሆነው።

በዚያ በሦስተኛው ሳምንት የጌዶዋ፣ አሁን የአምቦዋ መምህርት፣ ጊንጪ መጣች። ወፈር ብላለች። እስክትቀመጥ ድረስ ዓይኔን አላየችኝም። የመግቢያ ፈተናውን ሰኔ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልፋለች፤ ድንበር ላይ ሳይሆን በደንብ። ባሏ ልጁን ይይዛል። ምን ልትማሪ ነው አልኳት። የዕፅዋት በሽታ አለችኝ። ዋግም አለበት ወይ አልኳት። አለበት አለች።

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አራት ዓምድ፣ በማስመሪያ። በመጀመሪያው ረድፍ እሷ፣ ከአምቦ ወደ ዩኒቨርሲቲ። በሁለተኛው እኔ፣ ከጊንጪ ወደ አምቦ። በሦስተኛው "ክፍት ቦታ፦ ጊንጪ"። አሠራሩን ካንቺ ነው የተማርኩት አለችኝ፣ እንደማፈር ብላ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ብትፈርሚ ሁለት ዓመትሽ እንደ አዲስ እንደሚጀምር አውቃለሁ፣ እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም አለች።

ለምን እንደፈረምኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ እናቴን ምክንያት አደርጋለሁ። እውነት ነው፤ እናቴ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ውኃ መቅጃ መውረድ አቁማ ነበር፤ ብቻዋን ናት። ሙሉው እውነት ግን እሱ አይደለም። ያ ቅጽ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የከረመው ፖስታ ቤት ስለራቀ አልነበረም። ፈተናውን እንደገና ተቀምጬ እንደገና ሁለት ነጥብ ቢጎድለኝስ? ማንም ሳይዘጋብኝ፣ በራሴ ብቻ ብቀርስ? ፈራሁ። ሌላ ሰው ዘጋብኝ እያሉ መቀመጥን ለምጄው ነበር፤ ሞቆኝ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ማስመሪያዬን አንሥቼ ከሦስተኛው ረድፍ በላይ አስተኛሁትና ወረቀቱን ቀደድኩ። ክፍቱን ቦታ የያዘችው ቁራጭ እጄ ላይ ቀረች።

"ይህን አትጻፊ" አልኳት። "እነሱ ራሳቸው ይፈልጉት።"

በቀረው ላይ ፈረምኩ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፣ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩ ጋ ደረሰች። የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ዛሬስ አትጸልዪልኝም ወይ አልኳት።

በሩን እንደያዘች ቆመች።

"ያን ጊዜ መንገዷን ክፈትላት ብዬ ለመንኩልሽ። የተከፈተው የኔ ነው። አንቺ ጊንጪ መሆንሽን ከሰማሁ ጀምሮ ስላንቺ ለመጸለይ እፈራለሁ፣ እህቴ።"

ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሷ ግራ ገባት።

"እንግዲያው ዛሬ ለራስሽ ጸልዪ" አልኳት። "ምናልባት ለኔ ይደርሰኝ ይሆናል።"

ቀልዴን መሆኑን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ግን እሺ አለች። ተመልሳ መሐል ቤት ቆመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መንገዴን ክፈትልኝ ብላ ለራሷ ለመነች። በዚህኛው ጊዜ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

መስከረም ላይ እሷ አዲስ አበባ ገባች። እኔ አምቦ ተመለስኩና፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ የአበባን ክፍሎች ሳልኩ።